የሚኤሶ የጨቅላ አያያዝ አስተማሪ፦ ሲስተር ሳህሊቱ ገብሬን ስንሸኝ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፤ የተከበራችሁ ሼኾቻችን፤ ከሂርና፣ ከሚኤሶ፣ ከአሰቦት ድረስ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ የሥራ ጓደኞቼ፤ ከሁሉም በላይ እማማ አይናዲስ፣ ከመንዝ ድረስ ልጅዎን ሊቀብሩ የመጡ እናታችን፤

እንደምን ዋላችሁ ልል ነበር። አፌ ላይ ቀረ። እንዴት እንደዋልን ሁላችንም እናውቃለን።

ስሜ ዘይኑዲን ይባላል። ሚኤሶ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነኝ። ሙስሊም ነኝ። በዚህ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ እንድናገር አባቶች ስለፈቀዱልኝ አላህ ይስጥልኝ። አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነው፤ ብሳሳት ታገሡኝ። እሷም ትታገሠኝ ነበር።

መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን «አንቺ ሲስተር፣ የት ነው የምታርፊው?» አልኳት። አጠገቤ የነበረው ሰው በክርኑ ጎሸመኝ። እኛ የቆላ ሰዎች «እርስዎ» ማለት አንችልበትም። እሷ ሳቀች። «ተወው፤ እናቴም አንቺ ነው የምትለኝ» አለችው። እማማ አይናዲስ፣ ስለ እርስዎ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ «አንቺ» ናት። ዛሬም «አንቺ» እላታለሁ።

እማማ፣ እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃታል። የምናገረው ለእርስዎ ነው። ልጅዎን ነርስ ሆና፣ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ሻንጣ ይዛ ሸኝተዋታል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላዩም። እኛ አይተናል። ያየነውን ልንገርዎ።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ቆላው ውኃ አጥቶ ከረመ። ከዚያ ዝናቡ ባንዴ መጣ፤ ኩሬው ሞላ። ደስ አለን። ሰውም ግመልም ከዚያው ጠጣ። ብዙ ሳይቆይ የሰው ዓይን ቢጫ መሆን ጀመረ። የወፍ በሽታ ነው አልን። ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች ደም ወስደው፣ «ቫይረስ ነው፤ በውኃ ነው የሚመጣው» አሉን። ሌላውን ሰው ጥቂት አስተኝቶ ይተወዋል። እርጉዝን ግን አይምርም። ያለ ቀኗ ትወልዳለች። ወልዳም አታድርም።

ሚኤሶዎች፣ ታስታውሳላችሁ። አንዱን ጀናዛ ሸኝተን ስንመለስ ሌላው በር ላይ ይጠብቀን ነበር።

ልጆቹስ? ከእነዚያ እናቶች የተወለዱት ልጆችስ? ስለ እነሱ ማን አሰበ? ሁላችንም ስለ ውኃ ነበር የምናስበው። ኩሬውን እናጥር፣ ክሎሪን እንጨምር፣ በባቡር በርሜል እናስመጣ። ልጆቹ አንዲት መዳፍ ላይ የሚያልቁ ነበሩ። ጥግ ይጋደማሉ። ቅቤ ይልሳሉ። ከዚያ እናታቸውን ይከተላሉ። «ለእናቱ ነው» ይባላል። ያ ልጅ ለእናቱ ነው ይባልና ይተዋል።

ሲስተር ሳህሊቱ ያን ጊዜ እዚሁ አሰበ ተፈሪ ነበረች። ማዋለጃ ክፍሉ የእሷ ነው። ወሬውን ሰማች። የበሽታው ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «የጤና ሠራተኞችንና የልምድ አዋላጆችን ስለ ጨቅላ አያያዝ ላሠልጥን» አለች። እኔም እዚያ ነበርኩ። አንድ ኃላፊ ተቆጣ።

«ሲስተር፣ አሁን የሥልጠና ጊዜ ነው? ሰው እያለቀ እኮ ነው!»

«ጓድ፣ እናቶቹን ማዳን አቅቶናል» አለችው። «ልጆቹን ግን አቅቶን አይደለም። አልሞከርንም።»



«ሰው የለኝም» አላት።

«ከየክሊኒኩ አንድ አንድ ሰው ይስጡኝ። አዋላጆቹን ራሴ እለምናለሁ።»

«ቦታስ?»

«ጥላ ካለው ይበቃል።»

ጥላው የማሽላ መጋዘን ሆነ። ሚኤሶ፣ ሐዲዱ አጠገብ ያለው ቆርቆሮ ቤት። በድርቁ ባዶውን የቀረ መጋዘን ነው። ጠረግነው። የልምድ አዋላጆቹ ከየገጠሩ በእግራቸው መጡ። ከሂርና ዘይቱና መጣች፤ ጤና ረዳት ናት፤ ያኔ ጡት የሚጠባ ልጅ በጀርባዋ አዝላ ነበር የመጣችው። ዛሬ እዚያ ቆማለች፤ ያያችኋት እንደሆነ።

ሲስተር ከዱቄት ጆንያ አሻንጉሊት ሰፍታ ነበር። እንደ እውነተኛ ልጅ እንዲከብድ ብላ ውስጡን ማሽላ ሞላችው። አንዲት ሽማግሌ አዋላጅ ተቀብላ መዘነችውና፣ «ልጄ፣ በዚህ በረሃብ ይሄንን ልጅ ብንቀቅለው ይሻላል» አለቻት። ሲስተር ሳቀች፤ እስክታነባ ሳቀች። እኛም ሳቅን። ያን ክረምት እኛ ሚኤሶ ውስጥ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ምን አስተማረችን? ቀላል ነገር ነው። ልጁ እንደወጣ አድርቁት፤ ገላውን አትጠቡት። ምላጩን ቀቅሉ። ቅቤ አታልሱ። መጥባት ካቃተው ወተቱን አልባችሁ በማንኪያ ስጡት። ዓይኗ ቢጫ የሆነች እናት በሕይወት ካለች ልጇን አትንጠቋት፤ «ዓይኗ ቢጫ ነው እንጂ ወተቷ ነጭ ነው» ትል ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙቀት። «ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ማሞቂያ ሣጥን አለ። እኛ ሣጥን የለንም። ደረት አለን። ልጁን ራቁቱን ደረት ላይ አድርጉት፤ ከላይ ልብስ ደርቡበት፤ አታውርዱት።» ይሄንኑ ነው ቀኑን ሙሉ የምትደጋግመው። አታውርዱት። ደክሟችሁም ቢሆን አታውርዱት።

እማማ አይናዲስ፣ አሁን ስለ በላይነህ ልናገር ነው።

አማችዎን ያውቁታል። የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር። እዚህ ከተማ ተዋወቁ፤ እዚህ ተጋቡ። ብዙም አብረው ሳይኖሩ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። ሞተ የሚል የለም። አለ የሚልም የለም። ማታ ማታ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማለች። የትኛውን ጣቢያ እንደምትሰማ ጠይቄያት አላውቅም። ከሚነበበው የምርኮኛ ስም የምትፈልገው አንድ ስም ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ስለ እትብት እያስተማረችን ነው። አሻንጉሊቱ እጇ ላይ ነው። ባቡር ጮኸ። ወታደር የጫነ ባቡር ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ላይ የሚወጣ። ሲስተር አሻንጉሊቱን ቀስ ብላ ለዘይቱና ሰጠቻት። «አንዴ» አለችን። ወጣች።

በበሩ እናያታለን። ከመጀመሪያው ፉርጎ ጀምራ በሥሩ ትሄዳለች። ቀና ብላ ፊት ፊታቸውን ታያለች። ወታደሮቹ ልጆች ናቸው። ይስቃሉ። «እኔ ነኝ! የምትፈልጊው እኔን ነው!» ይሏታል። አትመልስላቸውም። እስከ መጨረሻው ፉርጎ ሄደች። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ባዶው ሐዲድ አጠገብ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ተመለሰች። እጇን ታጠበች። አሻንጉሊቱን ተቀበለች።

«የት ደርሰን ነበር?» አለችን።

አንዲት አዋላጅ፣ «እትብቱ ላይ» አለቻት። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአዋላጇን ነው የምላችሁ። የሲስተር ድምፅ አልተንቀጠቀጠም።

ወታደር የጫነ ባቡር በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። ትወጣለች። ፊት ፊታቸውን ታያለች። ትመለሳለች። የት ደርሰን ነበር ትለናለች። እማማ፣ ልጅዎ እንዲህ ነበር የምትናፍቀው። እየሠራች ነው የምትናፍቀው።

አሁን የራሴን ልናገር ነው። ታገሡኝ።

ባለቤቴ ጣሂራ እርጉዝ ነበረች። ቤታችን ውኃ እያፈላሁ ነበር የማጠጣት። እህቷ ታማ ልትጠይቃት ገጠር ወረደች። ሙቀት ነው፤ መንገድ ነው፤ ጠማት፤ ጠጣች። ሌላ ምንም የለውም። ስትመለስ ዓይኗን አየሁት። ጤና ረዳት ነኝ፤ አወቅሁ። እሷም ዓይኔን አይታ አወቀች። «አትንገረኝ» አለችኝ። አልነገርኳትም።

ወለደች። ሴት ልጅ። ከዚያ ጣሂራ አልነቃችም። በዚያው ቀን ቀበርናት።

ከቀብር ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። መነሣት አቃተኝ። አማቴ አዴ ሙስሊማ ልጅቷን በጨርቅ ጠቅልላ ጥግ አጋድማታለች። «ይቺ ለእናቷ ናት» ትላለች፤ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ሲስተር መጣች። ዘይቱናን አስከትላለች። ከአማቴ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። የሲስተር ኦሮምኛ እንደኔ አማርኛ ነው፤ ግን በኦሮምኛ ነው ያነጋገረቻት።

«አዴ ሙስሊማ፣ ልጅቷን ልያት?»

«ልጄን ቀብሬ መመለሴ ነው» አለች አማቴ። «ይቺንም አታሰቃዪብኝ። በሰላም ትሂድ።»

«አላሰቃያትም። እስኪ እግሯን ንኪው።»

አማቴ ነካችው። «ቀዝቅዟል» አለች።

«አዎ፣ ቀዝቅዟል። በርዷት ነው። አልሞተችም፣ በርዷት ነው። የበረደው ሰው ምን ይደረጋል?»

አማቴ እግሯን በመዳፏ ያዘች። «ይሞቃል» አለች።

«እንግዲያው እናሙቃት።»

ሲስተር ወደኔ መጣች። «ዘይኑዲን፣ ሸሚዝህን አውልቅ» አለችኝ። ሰው ሞልቷል። አማቴ ፊቴ ናት። አንድ ጎረቤት፣ «ወንድ ልጅ ጨቅላ ይታቀፋል እንዴ?» አለ። ሲስተር ዞራም አላየችው። «አዴ ሙስሊማ ሐዘን አድክሟታል። የአንተ ደረት ሰፊ ነው» አለችኝ። አወለቅሁ። ልጄን ደረቴ ላይ አደረገችልኝ። ልክ እንደ በረዶ ነበረች። እንደ ወፍ ጫጩት ልቧ ሲመታ ተሰማኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ቀብር ላይ አላለቀስኩም ነበር።

ዘይቱና ጡቷን ሲኒ ላይ አለበች። በማንኪያ፣ ጠብታ በጠብታ አቀመሰቻት። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የጡት እናቷ እኔ ነኝ። ልጆቼ ወንድሞቿ ናቸው። ሁላችሁም ምስክር ሁኑ» አለች። መሰከርን።

ሲስተር ልትሄድ ስትል አጠገቤ ተቀመጠች። ቀስ ብላ፣ «ነገ ክፍል ና» አለችኝ።

«ሲስተር፣ ሐዘን ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እዚያ ሰው አለ። ብቻህን አትሆንም። ልጅቷን አንተ ካልፈቀድክ ማንም አይነካትም።»

  ከዚያ ያለችኝን እስክሞት አልረሳውም። «አንተ መቃብሯን ታውቀዋለህ፣ ዘይኑዲን። ስትናፍቅህ ሄደህ ታለቅሳለህ። እኔ የምሄድበት የለኝም።»

በማግሥቱ ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጋቢ ደርቤባት መጋዘኑ ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ቦታ ለቀቁልኝ። ሲስተር አሻንጉሊቱን ወደ ጎን አደረገችው። አዋላጆቹ አንድ በአንድ መጡ፤ እያስፈቀዱኝ እግሯን ነኩ። «ሞቋል!» አለች ያቺ ሽማግሌ። ለሌላዋ ነገረቻት። «ነዪ ንኪው፣ ሞቋል!» መጋዘኑ ሁሉ ሞቋል፣ ሞቋል አለ። እኔ ጣሂራን አሰብኩ። ይሄን ብትሰማ አልኩ። ምነው ይሄን ብትሰማ።

ልጄ ናዒማ ትባላለች። አሁን ግድግዳ ይዛ ትቆማለች።

ሥልጠናው አለቀ። አዋላጆቹ ወደየመንደራቸው ተበተኑ። ከዚያ ወሬ መምጣት ጀመረ። እናቱ የሞተችበትን ጨቅላ አንድ ፉርጎ ጫኝ ደረቱ ላይ አድርጎ እንደከረመ ሰማን። በአሰቦት በኩል አያትየዋና አባትየው እየተፈራረቁ ታቀፉ አሉ። የሞቱም አሉ። አልደብቃችሁም፤ ብዙ ሞተዋል። ግን ጥግ ተጋድመው አልሞቱም። ሰው ደረት ላይ ሆነው ነው የሄዱት። ይሄ ትንሽ ነገር ነው ወይ? እናንተ ቀብራችሁ የተመለሳችሁ እናቶች፣ እናንተ ንገሩኝ። ትንሽ ነገር ነው?

ዘንድሮ በሽታው ተመለሰ። በአሰቦት በኩል። ሲስተር እንደገና ወረደች። የት እንደጠጣችው አላውቅም። አፍልታ የምትጠጣ ሴት ናት፤ ሌላውን የምትቆጣ ሴት ናት። በዚያ ሁሉ ቤት ስትገባ ስትወጣ፣ በዚያ ሁሉ እጅ ስትዳስስ፣ የት እንደሆነ ማን ያውቃል? እያስተማረች ሳለ ዘይቱና ዓይኗን አየችው።

«ሲስተር፣ ዓይንሽ…»

«አይቼዋለሁ» አለቻት። «እስኪ የዛሬውን እንጨርስ።»

ጨረሰች። ከዚያ በጭነት መኪና ወደዚህ አመጣናት። ሐኪሞቹ አጽናኑን። «እርጉዝ ያልሆነን ሰው ብዙ ጊዜ ይምራል» አሉን። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ምሯል። እኔንም ይዞኝ ምሮኛል። እሷን ለምን አልማራትም? ማንን ልጠይቅ?

እማማ አይናዲስ፣ ይሄን የምነግረው ለእርስዎ ነው። እርስዎ መንገድ ላይ ነበሩ፤ አልደረሱም። ብቻዋን አልነበረችም። ዘይቱና ነበረች፤ እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ አእምሮዋ እየሄደ እየመጣ ነበር። ወደ ክፍሉ ገባሁ። ኮቴዬን ሰምታ ዓይኗን ገለጠች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቷ በራ።

«በላይነህ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አይደለሁም ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

«አለሁ» አልኳት።

«ቆየህ» አለችኝ።

«መንገዱ ነው» አልኳት።

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ጥሩ» አለችኝ። እጄን ያዘች። ፈገግ እንዳለች ተኛች። ከዚያ በኋላ አላናገረችንም።

በላይነህ በሕይወት ካለ ኢንሻ አላህ አንድ ቀን ይመጣል። ሚኤሶ ላይ ከባቡር ይወርዳል። ያን ቀን እኔ እቀበለዋለሁ። በእሱ ስም መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝና ሁሉን እኔ እነግረዋለሁ። የያዘችው እጅ የእኔ ቢሆንም የያዘችው እሱን ነው። ይሄን ማወቅ አለበት።

ዛሬ ጠዋት ሰዎች ለእማማ አይናዲስ፣ «አስከሬኑን ወደ መንዝ እንውሰደው ወይ?» አሏቸው። መኪና ተገኝቶ ነበር። እማማ ደጅ ወጡ። መንገዱን አዩ። ከሂርና በኩል፣ ከቆላው በኩል፣ ሴቶች ልጅ አዝለው ይመጣሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። እማማ ቆመው አዩ፤ ብዙ አዩ። ከዚያ፣ «ልጄን ከዚህ አልወስድባቸውም» አሉ። እማማ፣ እኔ ለዚህ የምከፍለው ቃል የለኝም። መንዝ ሆነው ሲናፍቋት አይስጉ። አጥሩን እኛ እንጠግናለን። ሣሩን እኛ እናጭዳለን። የእኛ ልጆች እዚህ ይመላለሳሉ።

እንግዲህ ሲስተር፣ መሸኘቱ ደረሰ።

እኛ አገር ሰው ሲሄድ እስከ መኪና ይሸኛል። ሻንጣው ይያዝለታል። ከረዳቱ ጋር ተጣልተን በመስኮት በኩል ቦታ እናስይዝለታለን። ለመንገድ ብርቱካን እንገዛለታለን። «ስትደርስ ላክብን» እንላለን። አንቺን እንዲያ መሸኘት ነበረብን። ፈቃድሽ ደርሶ፣ እናትሽን ልትጠይቂ ስትሄጂ፣ ከበላይነህ ጋር ስትሄጂ። ቶሎ ተመለሺ ብለን ልንጨቀጭቅሽ ይገባ ነበር። እንዲህ በትከሻ አልነበረም።

ከቤት እስከዚህ ካነሡሽ ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ቀላል ነበርሽ። በሽታው ምንም አላስቀረልሽም።

ደህና ሁኚ፣ ሳህሊቱ። ስምሽን ያለ «ሲስተር» ስጠራው ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እህቴ፣ ጌታሽ በምሕረቱ ይቀበልሽ። ገና አፈሩ አልተመለሰም፤ ገና ሰዉ አልተበተነም፤ ከአሁኑ ናፍቀሽናል።